ከኦፕራሲዮኑ ማግስት፦ ስለ አደጋና ጽኑ ሕሙማን ቀዶ ሐኪም ሙያ ለጠየቃችሁ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ድንገተኛ ክፍል አሠራር ከጻፍኩ በኋላ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ሐኪሙ የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው። እኔ በአሜሪካ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በአደጋ ጉዳትና በጽኑ ሕሙማን ቀዶ ሕክምና የምሠራና የማስተምር በመሆኔ፣ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች አውየዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትቻለሁ።

ከጎንደር፣ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ

«ዶክተር፣ አንድ አሜሪካ የሚኖር ሐኪም ማዕረጉን ሲጽፍ "የአደጋ ጉዳት፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የጽኑ ሕሙማን ክብካቤ ረዳት ፕሮፌሰር" ይላል። ይህ የአንድ ሰው ሥራ ነው ወይስ የሦስት? ከአጥንት ሐኪምስ በምን ይለያል? እርስዎ የሄዱበትን መንገድ ልከተል ብል ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?»

እኅቴ፣ «እርስዎ» ብለሽ ብትጽፊልኝም እኔ እንደ ታላቅ ወንድም «አንቺ» ብዬ ስመልስልሽ እንደ ድፍረት እንደማትቆጥሪብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሥራው የአንድ ሰው ነው። በአገራችን «አደጋ ደረሰበት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው አጥንት ስለሆነ፣ የአደጋ ሐኪም ማለት ከወጌሻው ከፍ ያለ፣ ስብራት የሚጠግን ሰው ይመስለናል። የአጥንት ሐኪሙ የተሰበረውን ጭን ያቆማል፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ የራስ ቅሉን ይከፍታል። የአደጋ ቀዶ ሐኪሙ ግን አንገትን፣ ደረትን፣ ሆድንና ትላልቅ የደም ሥሮችን በራሱ እጅ ከማከሙም በላይ፣ የትኛው ጉዳት ቀድሞ እንደሚገድል ለይቶ ለሌሎቹ ሐኪሞች ተራ የሚያወጣ፣ ከመግቢያው በር እስከ መውጫው ቀን ድረስም «ይህ ሕመምተኛ የማን ነው?» ሲባል «የእኔ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው።

ነገሩን በአንድ ሌሊት ላሳይሽ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኬ ይጮኻል፤ መኪናው የተገለበጠበት የሠላሳ ዓመት ሰው፣ የደም ግፊቱ ወደ 80 የወረደ፣ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ የቀረው። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አንደኛ ደረጃ ብሎ በሚያረጋግጣቸው የአደጋ ማእከሎች፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በደረሰ በ15 ደቂቃ ውስጥ ዋናው ቀዶ ሐኪም አልጋው አጠገብ እንዲገኝ ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ በተረኝነቴ ሌሊት የማድረው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። ወርጄ የምቆመው ከአልጋው ግርጌ ነው። አንዱ ሬዚደንት፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም፣ የአየር መንገዱን ይይዛል፣ ሌላው ደረቱን ያዳምጣል፣ ነርሷ ልብሱን በመቀስ ትቆርጣለች፤ እኔ እጄን አጣጥፌ ሁሉንም እያየሁ ቅደም ተከተሉን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፦ አየር መንገድ፣ ትንፋሽ፣ ደም። ለወጣት ቀዶ ሐኪም ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ይህ እጅን ማጣጠፍ ነው፤ አንድ ቁስል ላይ ያጎነበሰ ሰው ሙሉውን ሰው ማየት ያቆማልና።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሰውየው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሄዳል፤ የእኔም ሥራ አብሮት ይሄዳል። በእንግሊዝና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ይህን ክፍል በአብዛኛው የሚመሩት ከማደንዘዣ ሕክምና የመጡ ሐኪሞች ናቸው፤ ምላጩና ቬንቲሌተሩ (የመተንፈሻ መሣሪያው) በአንድ ሰው እጅ መዋላቸው ይበልጡን የአሜሪካ ልማድ ነው። እኔ ጥሩ ልማድ ነው ባይ ነኝ፤ ሆዱን የከፈተው ሰው በማግስቱ ሽንቱ ለምን እንደቀነሰ ከማንም ቀድሞ ይጠረጥራል። በዚያ ክፍል የምንኖረው በትንንሽ ቁጥሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሳንባቸው በጽኑ የተጎዳ 861 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ከቁመታቸው በሚሰላ ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ፣ ለአንዱ ወገን በአንድ ትንፋሽ 12 ሚሊ ሊትር፣ ለሌላው 6 ሚሊ ሊትር አየር እንዲሰጥ አደረገ። ከመጀመሪያዎቹ የሞቱት 40 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከሁለተኞቹ 31 በመቶ ነበሩ። አዲስ መድኃኒት የለበትም፣ አዲስ መሣሪያም የለበትም፤ መሣሪያው ላይ አንድ ቁጥር መቀነስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ ማለትም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናው፣ ወደ ሙያው የተጨመረበት ታሪክ ትንሽ ያስቃል። ቀድሞ ጣፊያው የተሰነጠቀ ሰው ሁሉ ሆዱ ይከፈት ነበር፤ ከሕፃናት በተጀመረ ልምድ ግን የደም ግፊታቸው እስከጸና ድረስ አብዛኞቹ የጣፊያና የጉበት ጉዳቶች ያለ ምላጭ በክትትል እንደሚድኑ ታወቀ። ሕመምተኛው ተጠቀመ፤ ቀዶ ሐኪሙ ግን ሥራ ፈታ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የሙያው መሪዎች የፈነዳ ትርፍ አንጀትን፣ የታጠፈ አንጀትንና የተበሳ ጨጓራን ከአደጋውና ከጽኑ ሕሙማኑ ጋር አዋህደው አንድ ሙያ አደረጉት።

ወደ ዓመታቱ እንምጣ። አሜሪካዊው ከአራት ዓመት ኮሌጅና ከአራት ዓመት የሕክምና ትምህርት በኋላ አምስት ዓመት ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ይሠለጥናል፤ ከዚያ ፌሎሺፕ የሚባለው ተጨማሪ የጽኑ ሕሙማን ሥልጠና አንድ ዓመት፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናው ሲጨመርበት ሁለት ዓመት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መቅረት የሚሹ ብዙዎች በሬዚደንሲው መካከል አንድ ወይም ሁለት የጥናት ዓመት ያስገባሉ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሐኪም የውጭ ምሩቃንን ማረጋገጫና የፈቃድ ፈተናዎቹን ማለፍ አለበት፤ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ ስለሚል፣ አሁን ሆስፒታሎቹ አብልጠው የሚያዩት የሁለተኛውን ነጥብ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ «ፕሪሊሚናሪ» የሚባለው የቀዶ ሕክምና ቦታ የአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አምስቱን ዓመት አያረጋግጥም። በዚያ በር ገብተው በየዓመቱ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል የተንከራተቱ፣ ከእኔ የሚበልጥ እጅ የነበራቸው ሐበሾች አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ማለት ግን መንገዱ በአሜሪካ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 በድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ ጀምሯል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ የቆመ ነው፤ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም ኢትዮጵያን በአባልነት ይዟል። ጎንደር ተቀምጠሽ በሳምንት የምታዪውን የመኪና፣ የዱላና የጥይት ጉዳት እዚህ ያለ ተማሪ በወርም አያየው ይሆናል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንዲት እናት

«ልጄ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነው፤ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አሁን ደግሞ "አደጋ ላይ ነው የምሠራው፣ ከዩኒቨርሲቲም አልወጣም" ይለኛል። በዕረፍቱ ቀን እንኳ "ልጽፍ ነው" ብሎ ይሄዳል። የሰው ልጅ ሐኪም ሆኖ ክሊኒክ ይከፍታል፣ ቤት ይገዛል፣ ያገባል። የእኔ ልጅ የሚያርፈው መቼ ነው?»

እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ የራሴ እናት የጻፉልኝ መሰለኝ፤ እርሳቸውም እስከ ዛሬ «ክሊኒኩን መቼ ነው?» ይሉኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአሜሪካ አንድ ሬዚደንት በአራት ሳምንት አማካይ ሲታይ በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተደንግጓል። 80 ሰዓት ራሱ የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን አልክድዎትም። ሥልጠናውን ሲጨርስ ግን ኑሮው ከሚፈሩት ይሻላል። የአደጋ ቀዶ ሐኪም ሥራ በሳምንት የተከፈለ ነው፤ አንዱን ሳምንት በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አንዱን በአደጋ ክፍል፣ በመካከሉ በወር አራት አምስት ሌሊት ተረኝነት፣ ከዚያ የጥናትና የማስተማር ሳምንት። ክሊኒክ የከፈተ ሐኪም ስልኩ እሑድም ይጮኻል፤ የልጅዎ ተረኝነት ሲያልቅ ግን ሕመምተኞቹን ለባልደረባው አስረክቦ ይወጣል። በዓልን በተመለከተ ደግሞ የእኛ ልጆች አንድ ዕድል አላቸው፤ እኔ የፈረንጆቹን ገና ተረኛ ሆኜ አድርና የእኛን ገና ከቤተሰቤ ጋር እውላለሁ፤ ባልደረቦቼም በዚህ ይመርቁኛል።

«ልጽፍ ነው» ሲልዎት አይዋሽም። በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሙ የሚቀጠረው ለማከም፣ ለማስተማርና ለማጥናት ነው፤ ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሰርነት የሚወጣው በዓመታት ውስጥ ባሳተመውና ባስተማረው ልክ ነው። ደመወዙ በግል ከሚሠሩት ጓደኞቹ ማነሱ የተለመደ ነው፤ ይህን ልሸፍንልዎ አልችልም። የሚጽፈው ነገር ምን እንደሚያመጣ ግን ከቤትዎ ሳይርቁ ማየት ይችላሉ። ባልቲሞር ውስጥ አር አዳምስ ካውሊ የሚባል ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሁለት አልጋ ብቻ አንድ የጥናት ክፍል ከፈተ፤ ወደዚያ የሚገቡት ተስፋቸው የተቆረጠ ሕሙማን ስለነበሩ የሥራ ጓደኞቹ «የሞት ላቦራቶሪ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እርሱ ግን ጉዳተኛ ከተጎዳበት ሰዓት ጋር እሽቅድምድም ላይ መሆኑን ደጋግሞ በማስረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የሜሪላንድ ፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ጉዳተኛን ከመንገድ አንሥተው እንዲያመጡለት አስደረገ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ማእከል የጠቅላላ ግዛቱ የአደጋ ሕክምና እምብርት ነው።

ከእናት የምጠብቀው አንድ ነገር አለ። ከ24 ሰዓት ተረኝነት የወጣ ልጅ መኪና እየነዳ ወደ እርስዎ ቤት ምሳ እንዲመጣ አይጥሩት፤ ተኝቶ ይነሣና ማታ ይምጣ። ሌሊቱን ሙሉ በመኪና የተጎዱትን ሲሰፋ አድሮ ጠዋት መሪ ይዞ የሚያንቀላፋው ራሱ ነውና። ስለ ጋብቻው የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው።

ከዋሽንግተን አካባቢ፣ የታክሲ ሾፌር

«ወንድሜን መኪና ገጭቶት ኦፕራሲዮን ተደረገ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ "ሆዱን አልዘጋነውም፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንመለስበታለን" አለን። ሥራውን ሳይጨርስ የወጣ መሰለን፤ ተቆጥተን ነበር። ወንድሜ ድኗል፣ ተመስገን። ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደግሞስ ሐኪም ቢሳሳት ማን ይጠይቀዋል?»

ወንድምዎ በመዳናቸው እንኳን ደስ አለዎት። ቁጣዎ አይፈረድበትም፤ የጀመሩትን ጨርሶ መነሣት በየትኛውም ሙያ የባለሙያ ምልክት ነውና። እኛም ለረጅም ዘመን የተማርነው እንደዚያ ነበር።

ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ደሙ ውስጥ አሲድ ይበዛል፣ የቀረውም ደም መርጋት ይሳነዋል። የቀዘቀዘ ደም አይረጋም፤ ያልረጋ ደም ይፈሳል፤ የፈሰሰው ደግሞ የበለጠ ያቀዘቅዛል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ያለን ሰው ሆድ ከፍቶ አራት ሰዓት እያሳመሩ መስፋት፣ ስፌቱ ያማረ አስከሬን ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሮቶንዶና ሽዋብ የተባሉ የፊላዴልፊያ ቀዶ ሐኪሞች ከአሜሪካ ባሕር ኃይል በተዋሱት ስም «የጉዳት ቁጥጥር» ያሉትን ዘዴ ጽፈው አወጡ። የተበሳ መርከብ ባሕር ላይ ቀለም አይቀባም፤ ቀዳዳው ተወትፎ ወደ ወደብ ይደርሳል፤ የቀረው እዚያ ይሠራል። ሐኪሙ የሚፈሰውን ያስራል፣ የተቀደደውን አንጀት ጫፍና ጫፉን ዘግቶ ይተወዋል፣ ጉበቱን ዙሪያውን በጨርቅ ይጠቀጥቀዋል፣ ሆዱን በጊዜያዊ ልባስ ሸፍኖ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያወጣዋል። እዚያ ይሞቃል፣ ደም ይሰጠዋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይጨረሳል። በዚያ ጽሑፍ በጣም ከቆሰሉት መካከል በአዲሱ ዘዴ ከታከሙት 13 ሰዎች 10ሩ ሲተርፉ፣ በቀድሞው ከታከሙት 9 ሰዎች የተረፈው 1 ብቻ ነበር። 22 ሰው ለአንድ ጥናት ጥቂት ነው፤ ሆኖም ሙያውን ለወጠው። በኋላ ደግሞ ሐኪሞች ዘዴውን ለማያስፈልገው ሁሉ ማብዛት ጀመሩና ራሱ ሙያው መልሶ ገሠጻቸው። ስለዚህ በወንድምዎ ጉዳይ ሐኪሙ በዚያ ሌሊት የወሰነው ከባዱ ውሳኔ መቁረጡ ሳይሆን ማቆሙ ነበር።

«ማን ይጠይቀዋል?» ላሉት፦ በየሳምንቱ ባልደረቦቹ ይጠይቁታል። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሞቱና የተወሳሰቡ ሕሙማን ጉዳይ ስም ሳይጠራ አንድ በአንድ የሚነሣበት ስብሰባ አለ። እኔም ቆሜበታለሁ። ከዓመታት በፊት የመኪና ቀበቶ ሆዱ ላይ ቀይ ሰንበር ያወጣበት ወጣት መጣልኝ፤ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነበር። እንዲህ ያለ ሰንበር ካለ አንጀት ሊበሳ እንደሚችል፣ የመጀመሪያው ምስልም ሊስተው እንደሚችል አውቃለሁ፤ አስተምረዋለሁም። በማግስቱ ተመልሼ ሆዱን በእጄ መዳሰስ ሲገባኝ የሬዚደንቱን ማስታወሻ አንብቤ አለፍኩ። በሁለተኛው ሌሊት ትኩሳት ያዘው፤ ከፍተን ስናይ ትንሹ አንጀት ተበስቷል። ተረፈ፤ ሦስት ሳምንት ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከረመ። በስብሰባው ላይ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ድምፃቸውን ሳያነሡ «ሰንበሩን አይተኸው ነበር?» አሉኝ። «አዎን» አልኩ። ሌላ ጥያቄ አላስከተሉም፤ ቢያስከትሉ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የሚደረገውን ዳግም ምርመራ ለማንም አላስተላልፍም። ልጨምርልዎ የሚገባኝ ነገር ቢኖር፣ ይህ ስብሰባ ሐኪሞች እንዲማሩበት የቆመና በሕግ ጥበቃ ያለው መሆኑን ነው፤ ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ የተፈጠረውን መንገር ከዚያ ውጪ ያለ፣ የሐኪሙ የራሱ ግዴታ ነው። ለወጣቱና ለአባቱ የነገርኳቸው በማግስቱ ነበር።

ከደሴ፣ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም

«እዚህ በአደጋ ጉዳት የሚመጣው ሕመምተኛ ብዛት ለጥናት ይበቃል፤ ነገር ግን በወጉ የተያዘ መዝገብ እንኳ የለንም። አካዳሚክ ቀዶ ሐኪምነት ለትልልቅ ማእከሎች ብቻ የተተወ ሙያ ነው?»

ባልደረባዬ፣ የሙያችን ዋና ዋና ነገሮች ሁሉ የተገኙት ከትልልቅ ማእከሎች አይደለም። ዛሬ እርስዎም እኔም የምንከተለው «አየር መንገድ፣ ትንፋሽ፣ ደም» የሚለው የአደጋ ሕይወት አድን ሥልጠና የመጣው ከነብራስካ ገጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ የአጥንት ሐኪም ራሱ የሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን እርሻ ላይ ወድቃ ሚስቱ ሞተች፤ እርሱና ልጆቹ ቆሰሉ። በደረሱበት ትንሽ ሆስፒታል የተደረገላቸው እርዳታ ሥርዓት የሌለው መሆኑ ስላስቆጨው፣ ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 በዚያው ግዛት የመጀመሪያውን ሥልጠና ሰጡ፤ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም በ1980 ተቀበለው። ደም የሚያቆመውን ትራኔክሳሚክ አሲድንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኙት ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤቷ ናቸው። ያ ርካሽ መድኃኒት ለአደጋ ጉዳት እንደሚበጅ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2010፣ በ40 አገሮችና በ274 ሆስፒታሎች ከ20,000 በላይ ጉዳተኞች በተሳተፉበት ጥናት ሲሆን፣ ሞት ከ16 በመቶ ወደ 14.5 በመቶ ወርዷል። ከሆስፒታሎቹም ብዙዎቹ የሚገኙት በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነበር። በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ በዓመት ከሚሞተው 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ከ10 ዘጠኙ የሚሞተው በእነዚሁ አገሮች ስለሆነ፣ ጥናቱም እዚያ መሠራቱ ተገቢ ነው።

መዝገብን በተመለከተ፣ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ አብዝቶ መጀመር ነው። ስድሳ ጥያቄ ያለው ቅጽ በሁለተኛው ሳምንት ባዶውን ይቀራል። ኡጋንዳዊቷ ቀዶ ሐኪም ኦሊቭ ኮቡሲንግዬና ባልደረቦቿ የካምፓላ የጉዳት መለኪያ የሚባለውን ሲሠሩ የጠየቁት አምስት ነገር ብቻ ነበር፦ ዕድሜ፣ የከባድ ጉዳቶች ብዛት፣ የደም ግፊት፣ የትንፋሽ ብዛትና ንቃት። አንድ ገጽ ላይ ይገባል፤ ኢንተርንም በሁለት ደቂቃ ይሞላዋል። እኔ አንድ ስድስተኛ እጨምርበታለሁ፤ ሰዓት። በጀማሪነቴ በሠራሁበት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍሉን መዝገብ ለመጀመሪያ ጥናቴ ስገልጥ፣ «የገባበት ሰዓት» በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች «ማታ»፣ «ሌሊት»፣ «ማታ» የሚል ብቻ አገኘሁ፤ አንድ ገጽ ላይ ጸሐፊው ሰልችቶት ከላይ «ሌሊት» ብሎ ጽፎ ወደ ታች ረጅም መስመር አውርዶበታል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ጉዳቱ በደረሰ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ያድናል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሊጎዳ ይችላል። «ሌሊት» በሚል ቃል ሦስት ሰዓትን መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ አንድ የሚሠራ ሰዓት ያሰቅሉ፣ የተጎዳበትንና የደረሰበትን ለየብቻ ያስጽፉ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን አስቀድመው ያውጡ፣ ስድስት ወርም ሳያቋርጡ ይሰብስቡ። በኩራት «ጥናት» የሚባለው ነገር ከዚያ ገጽ ይጀምራል፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ቢልኩልኝ በደስታ አነበዋለሁ።

ከሐዋሳ፣ ነርስ

«በጽኑ ሕሙማን ክፍል እሠራለሁ። ሕመምተኛ ሲሞት ሐኪሞቹ ለቤተሰብ መንገሩን ብዙ ጊዜ ለእኛ ይተዉታል። እናንተ ዘንድ የሚናገረው ማን ነው? በምን ዓይነት ቃል?»

ሲስተር፣ እዚህ የሚናገረው ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ነው፤ ለሬዚደንት እንኳ ቆሞ እንዲያይ እንጂ ብቻውን እንዲናገር አልፈቅድም። በባህላችን መርዶ በችኮላ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሊነጋ ሲል በር ይንኳኳል፤ የሚወድቀውን የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ይቆማል። እኔ ግን ያለኝ አንድ ጠባብ ክፍልና አሥር ደቂቃ ነው። የተማርነው ሕግ ቀላል ነው፤ ተቀመጥ፣ የሟቹን ስም ጥራ፣ «ሞቷል» በል፣ ከዚያ ዝም በል። «አጣነው»፣ «ልናተርፈው አልቻልንም» የሚሉት ቃላት ቤተሰቡን በተስፋና በሐዘን መካከል ያንጠለጥሉታል ይላሉ መምህራኖቻችን።

ይህን ሕግ በእንግሊዝኛ በሚገባ እጠብቀው ነበር። አንድ ሌሊት ግን አንዲት የአገራችን እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። እኔም አስተርጓሚ አላስፈለገኝም ብዬ፣ በእኛ ደንብ ለስለስ አድርጌ «እማማ፣ ልጅዎ አርፏል» አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ አለ። «እሰይ፣ ሲቃትት ነበር፤ ትንሽ ይተኛልኝ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ወንበሩ ጀርባ ተደገፉ። ሁለተኛ መናገር ነበረብኝ። አሁን በአማርኛም ቢሆን «ሞቷል» እላለሁ፤ ከመግባቴ በፊት ስልኬን ለሌላ ተረኛ እሰጣለሁ፣ አንዲት ነርስ አብራኝ ትገባለች፣ ወንበሬንም ወደ እነርሱ ካስጠጋሁ በኋላ ነው አፌን የምከፍተው።